በመሪው ላይ የታሰረው ገመድ

ከሚኤሶ ወደ ጭሮ የሚያወጣውን ዳገት በሕይወቴ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩበት አላውቅም። ልጅ ታቅፌ፣ የሱቅ ዕቃ ጉልበቴ ላይ ተከምሮ፣ እንቅልፍ ጥሎኝ ወጥቼዋለሁ። አንድ ቀን ግን ከአባቴ ወንበር ኋላ ተቀምጬ፣ ከመኪናው በሕይወት መውረዳችንን እየተጠራጠርኩ ወጣሁት። ያን ቀን ላጫውታችሁ። መኪና ለማዘዝ ቀብድ ልትሰጡ ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ ሥራችሁን አቁማችሁ ስሙኝ።

ራህመት እባላለሁ። ጭሮ ገበያው አጠገብ ሳሙና፣ ዘይት፣ ባልዲና ጆግ የምሸጥባት ሱቅ አለችኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቼን የማሳድገው በእሷ ነው። ደንበኞቼ «የራህመት ሚዛን ልክ ነው፣ ምላሷ ግን ይበዛል» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ባል የሌላት ሴት ምላስም ከሌላት ሱቋን ምን ይጠብቅላታል?

አባቴ ሀጂ ሽኩር በልጅነታቸው ከስልጤ አገር መጥተው እዚሁ ያረጁ የሰንጋ ነጋዴ ናቸው። ከቦኬና ከአካባቢው ገበያ በሬ ይገዛሉ፣ ጓሮ አስረው ያደልባሉ፣ ይሸጣሉ። ቀብድ ሲሰጡ ወረቀት የሚባል ነገር አያውቁም። ቀብድ በከፈሉበት በሬ አንገት ላይ የራሳቸውን ገመድ ያስሩና ይሄዳሉ። ገመዱን ከቃጫ የሚገምዱት ራሳቸው ናቸው፤ ጫፉ ላይ ቀይ ክር ያስገቡበታል። ቋጠሮውም የእሳቸው ነው። ሁለት ጊዜ ይጠመዝዙና ጫፉን ወደ ውስጥ ይመልሱታል፣ በሬው ሲታከክ እንዳይፈታ። ያ ገመድ ያለበትን በሬ ለሌላ ሰው የሸጠ፣ ገበያው ውስጥ ሰላምታውን የሚመልስለት አያገኝም። በእኔ ዕድሜ የአባቴን ገመድ የደፈረ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ጉልበታቸው እምቢ አለና ገበያ መቆም ሲያቅታቸው አንድ ቀን ሱቄ መጥተው ጆንያ ላይ ተቀመጡ።

«በሬዎቹን ሁሉ ልሸጣቸው ነው» አሉኝ።

«ለምን አባ?»

«እኔ ስሞት በሬ ማን ያደልብልሻል? ሚኒባስ እንግዛ። ሹፌር ቀጥረሽ ጭሮ ሂርና ታሠሪዋለሽ። ልጆቹ ይማሩበታል።»

አለቀስኩ። ዕድሜ ልካቸውን የለፉበት ያ ብቻ ነበር። ሌላ መሬት የላቸውም፣ ሌላ ቤት የላቸውም።

ናስር የመጣው ያን ሰሞን ነው። ዋናው መንገድ ላይ አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ የአዳዲስ ሚኒባሶች ፎቶ ግድግዳው ላይ ለጥፎ ትዕዛዝ መቀበል ጀመረ። መኪኖቹ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ናቸው፤ በጅቡቲ በኩል ይገባሉ፤ ቀድሞ ቀብድ የሰጠ ቀድሞ ይረከባል። የነዳጅ ሰልፍ ያንገሸገሸው ሹፌር ሁሉ በሩ ላይ ይቆም ነበር። መብራት በየቀኑ በሚጠፋበት ከተማ በመብራት የሚሄድ መኪና ምን ይሠራል ብዬ ቀልጄ ነበር፤ የሳቀልኝ ግን አልነበረም።

ናስር ሰላምታው የሚጣፍጥ፣ ኦሮምኛውም አማርኛውም የተስተካከለ፣ ወጣት ሰው ነው። መስጊድ ከአባቴ ጎን ይሰግዳል። ጫማቸውን ያቀርብላቸዋል። ቢሮው የሄድን ቀን እኔ ገና ሳልቀመጥ፣

«ውል አለው? ደረሰኝስ?» አልኩት።

«ራህመት!» አሉ አባቴ። በእኛ ገበያ ዱዓ ሊደረግበት በተዘጋጀ ነገር ላይ ወረቀት መጠየቅ ሰውየውን ሌባ ብሎ እንደ መጥራት ነው።

ናስር ፈገግ አለ። «ይተዋት ሀጂ፣ እህቴ ልክ ናት። ውሉ ከዋናው ቢሮ ይላካል። ግን እርስዎ ገመድ አለዎት ሲባል ሰምቻለሁ። መኪናው ሚኤሶ ግቢ ውስጥ ቆሞ የቀረጥ ጉዳይ እስኪያልቅ እየጠበቀ ነው። ለምን ሄደው አያስሩበትም? እኔ ከወረቀት ይልቅ የእርስዎን ገመድ ነው የማከብረው።»

የአባቴ ፊት ሲፈካ አየሁ። ከባሌ ሞት ወዲህ እንደዚያ ሲደሰቱ አላየኋቸውም ነበርና የውሉን ነገር ተውኩት።

ሚኤሶ ወረድን። ነጭ፣ ወንበሩ ላይ ላስቲኩ ያልተነሳለት ሚኒባስ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ ቆሟል። አባቴ ዞረው ዞረው አዩትና «አንገቱ የቱ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሁላችንም ሳቅን። ናስር በሩን ከፍቶ መሪውን አሳያቸው። ገመዳቸውን መሪው ላይ አሰሩ፣ ሁለት ጊዜ ጠምዝዘው ጫፉን ወደ ውስጥ መልሰው። ስምምነቱ እንዲጸና ፋቲሃ ተቀራ። የቀብዱ ግማሽ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። ያለ ውል፣ ያለ ደረሰኝ።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት ስልኬ ጮኸ።

«እህቴ ራህመት፣ ዶላር ጨምሯል» አለ ናስር። «ቀሪውን ቀብድ ዛሬ ካላሟላችሁ መኪናው ለሌላ ሰው ያልፋል። እኔ ለሀጂ ስል ነው የያዝኩላችሁ።»

«በባንክ ላስገባልህ።»

«ሲስተም የለም። በእጃችሁ ይዛችሁ ኑ። ሚኤሶ ነኝ።»

«እሺ፣ ይዘን እንመጣለን» አልኩ። ይህችን ቃል በኋላ ስንት ጊዜ እንደረገምኳት።

ገንዘቡን በነጠላ ጠቅልዬ ወገቤ ላይ አሰርኩት፣ ከላይ ሰፊ ቀሚስና ጅልባብ ደረብኩበት። ከአባቴ ጋር ወረድን።

ግቢው ስንደርስ ረጅም፣ ሽርጥ የታጠቀ ጥበቃ አስገባንና በሩን መልሶ በሰንሰለት ቆለፈው። ባለፈው ጊዜ አልቆለፈውም ነበር። ለገንዘቡ ብሎ ነው ብዬ ተውኩት። ናስር ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠን። የዙህር ሶላት ሰዓት ደርሶ ነበርና አባቴ ዉዱዕ አድርገው ከአጥሩ ጥላ ሥር መስገድ ጀመሩ። ናስር ስልክ እያናገረ ወደ በሩ ሄደ፤ ጥበቃውም ተከተለው።

እኔ ወደ መኪናው ሄድኩ። ሴት ልጅ የገዛችውን ዕቃ መልሳ ሳታይ አትቀርም። በሩን ከፍቼ ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የአባቴ ገመድ መሪው ላይ አለ። ቀይ ክሩም አለ። ደስ ብሎኝ በጣቴ ነካ ነካ አደረግኩት፤ ጣቴ ላይ ግን አንድ ነገር ተንጠለጠለ።

የገመዱ ጫፍ ነበር። ውጭ ተንጠልጥሏል። ቋጠሮው እንደ ጫማ ማሰሪያ ተደርጎ ነው የታሰረው።

እዚያው ቁጭ ብዬ ቋጠሮውን ማየት ብቻ ሆነ ሥራዬ። አባቴ እንደዚያ አስረው አያውቁም። ቢታመሙ፣ ዓይናቸው ቢታሰር እንኳ እጃቸው እንደዚያ አያስርም። ታዲያ ገመዱን ማን ፈታው? ፈትቶስ ለምን መልሶ አሰረው?

ከፊት ወንበሩ ፊት ለፊት ያለችውን ሳጥን ከፈትኳት። ጥቁር ፌስታል ነበረባት። ከፍቼ ሳይ መጀመሪያ ቆሻሻ መሰለኝ። ቡና ጆንያ የሚሰፋበት ወፍራም ክር፣ ትልቁ መርፌ እንደተሰካበት። ሂርና ላይ የጫት እስር የሚያስሩበት ደረቅ ልጥ። የሻሽ ዘርፍ። የመቁጠሪያ ቁራጭ። ከላይ ደግሞ ቢጫና ቀይ ዶቃ የተሰካባት፣ የሕፃን እጅ ላይ የምትታሰር ትንሽ ክር። ሁሉም አንድ ዓይነት መታጠፍ ታጥፈዋል፤ አንድ ወፍራም ክብ ነገር ላይ ታስረው የቆዩ ናቸው። መሪ ላይ።

ያኔ ገባኝ። ይህ ሰው እያንዳንዳችንን እያመጣ በየራሳችን ምልክት እያሳሰረን ነው። አንዱ ሲመጣ የሌሎቹን ይፈታል፣ የመጣውን ሰው ምልክት ያስራል። አንድ መኪና፣ ምን ያህል እንደሆንን አላህ ይወቀው፣ ለሁላችንም ተሽጧል። ገበያችንን አጥንቶታል። ወረቀት ሳይሰጠን በምን እንደምናምን ጠይቆ፣ ያንኑ ሰጥቶናል።

 የሄደው ገንዘብ ብቻ ቢሆን ደህና ነበር። እኛ ግን በሰንሰለት በተቆለፈ ግቢ ውስጥ ነን፣ ቀሪው ወገቤ ላይ ነው፣ እዚህ መሆናችንን የሚያውቅ ሰው የለም። ፌስታሉን ጅልባቤ ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንደወሰድኩት አላውቅም። ምናልባት ነጋዴ ባዶ እጁን መውጣት አይሆንለትም።

«ምን ጠፋብሽ እህቴ?»

ናስር ከበሩ ጎን ቆሟል። ሲመጣ አልሰማሁትም።

«ወንበሩ ለሴት ይመቻል ወይ ብዬ ነው» አልኩ። 

«ሹፌር ልትሆኚ ነው?» ብሎ ሳቀ። ዓይኑ ግን ሳጥኗ ላይ ነበር። መዝጋቴን አላስታውስም ነበርና ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ተዘግታለች።

አባቴ ሶላታቸውን አሰላምተው ሲጨርሱ ጫማቸውን ይዤ ሄድኩና ጎንበስ ብዬ በቤታችን ቋንቋ፣ በስልጥኛ አናገርኳቸው። ናስር ስልጥኛ አያውቅም።

«አባ፣ ዞር ሳይሉ ይስሙኝ። ገመድዎን ሰው ፈትቶት ነበር። የሌላ ሰው ምልክት ፌስታል ሙሉ አገኘሁ። መኪናው ለብዙ ሰው ተሽጧል።»

መቁጠሪያቸውን የሚቆጥረው ጣታቸው ቆመ። «ቋጠሮው?»

«እንደ ጫማ ማሰሪያ ነው።»

«ገንዘቡ?»

«ወገቤ ላይ።»

 «ከወገብሽ እንዳይወርድ። አንቺ ዝም በይ። እኔ ልናገር።»

«ምን ተባባላችሁ ሀጂ?» አለ ናስር ጠጋ ብሎ።

«ጫማዬ ፀሐይ ላይ ነው የተውሽው፣ እግሬን አቃጠለኝ አልኳት» አሉ። ተነሥተው ወደ መኪናው ሄዱ። ገመዱን በእጃቸው ያዙት፣ የተንጠለጠለውን ጫፍ በጣታቸው ዳበሱት። የአንገታቸው ሥር ሲገታተር አየሁ። አባቴ ቁጡ ሰው ናቸው፤ በዱላ የበሬ ደላላ ያባረሩበትን ቀን አስታውሳለሁ። አሁን ከጮኹ አለቅን አልኩ።

«ማሻአላህ» አሉ። «እንዳሰርኩት ነው።»

አባቴ ሲዋሹ በሕይወቴ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«እንግዲህ ቀሪውን ይስጡኝና እንጨርስ» አለ ናስር።

«ቀሪው ጭሮ ነው።»

የናስር ፊት ወዲያው ተለወጠ። «እንዴት ጭሮ? ይዘን እንመጣለን ብላኛለች እኮ።»

«እሷ ልትይዝ ነበር፣ እኔ ከለከልኳት። ሴት ልጅ ያን ያህል ገንዘብ ይዛ በሰው መኪና ትሳፈራለች? በሬውን ደግሜ ሳላይ ቀሪውን ይዤ የወጣሁበት ቀን የለም። አየሁት፣ ወደድኩት፣ ና ጭሮ እሰጥሃለሁ።»

ናስር ወደ እኔ ዞሮ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና ዓይኑን ወገቤ ላይ አቆመው።

«እህቴ ዛሬ ወፈር ብላለች» አለ።

 ጥበቃው ከበሩ ወደ እኛ መምጣት ጀመረ።

«አንተ!» አሉ አባቴ። «የሙት ሚስት ናት! ስለ ልጄ ገላ ፊቴ ታወራለህ? እኔ ከአንተ ጋር ፋቲሃ የቀራሁ ሰው ነኝ!»

እውነተኛ ቁጣ ስለነበር ናስርም አመነው። አንገቱን ሰበረ፣ «አፉ በሉኝ ሀጂ» አለ። ጥቂት አሰበና «በቃ፣ እኔው በመኪናችሁ አወጣችኋለሁ» አለ። ጥበቃውን በአገጩ ጠራው። «እሱም ከእኛ ጋር ይመጣል።»

አባቴ ፊት ተቀመጡ፣ ናስር መሪውን ያዘ። እኔ ከአባቴ ኋላ፣ ጥበቃው ከጎኔ። የሰንሰለቱ በር ሲከፈት ተገላገልን አልኩ። ከከተማው ስንወጣ ግን ሌላ ፍርሃት መጣ። ያ መኪና ድምፅ የለውም። ሞተር የለ፣ ማጉረምረም የለ፤ የሚሰማው የጎማው ሽውታ ብቻ ነው። እኔ በተነፈስኩ ቁጥር ደረቴ ላይ ያለው ፌስታል ይንኮሻኮሻል። ጥበቃው ዞር ብሎ አየኝ። ሳልኩ። ደግሞ ተንኮሻኮሸ፣ ደግሞ ሳልኩ።

«ታማለች?» አለ ጥበቃው።

«አቧራ ነው» አልኩ። ትንፋሼን ይዤ ከቁርአን ትዝ ያለኝን ሁሉ በልቤ መቅራት ጀመርኩ። ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሱቁ ዝግ ሆኖ ሲያገኙት ታየኝ። አባታቸውን ቀብረዋል፤ አሁን ደግሞ የእኔን ማን ይነግራቸዋል?

ዳገቱን ስንጀምር የናስር ስልክ ጠራ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ በኦሮምኛ መለሰ። ያ ዝምተኛ መኪና አጋለጠው እንጂ በሌላ መኪና ቢሆን አልሰማም ነበር። «አቺቲ ነ ኤጋ» አለ። እዚያው ጠብቁኝ ማለት ነው። ለማን ነው የሚለው? የት ነው የሚጠብቁት? ጭሮ ተወልጄ ኦሮምኛ የማልሰማ መስሎት ይሆን፣ ወይስ ብሰማም ግድ የለውም?

ጥቂት እንደሄድን ከአስፋልቱ ወደ ግራ የምትታጠፍ ኮረኮንች መንገድ አለች። ናስር ፍጥነት ቀነሰ።

«ምነው?» አሉ አባቴ።

«አንድ ሰው ጋ ዕቃ አደርሳለሁ ሀጂ። ደቂቃ ነው።»

ጥበቃው ወደ እኔ ጠጋ አለ። የመኪናው አፍንጫ ወደ ኮረኮንቹ ዞሯል። ልጮህ አፌን ከፈትኩ።

«እኔ ምልህ ናስር» አሉ አባቴ፣ ድምፃቸው ልክ ገበያ ላይ እንዳሉ ነው፣ «ሁለት ብገዛ ስንት ትቀንስልኛለህ?»

መኪናው ቆመ። «ሁለት?»

«ሁለት። የአማቼ ወንድም ሂርና የጫት ነጋዴ ነው። ገንዘብ ማስቀመጫ ያጣ ሰው። ዛሬ ጭሮ ልጄ ሱቅ ጋ ይጠብቀናል። ግን እንደ እኔ ግትር ነው፣ መኪናውን በዓይኑ ሳያይ ሙሉ ቀብዱን አይሰጥም።»

የአማቻቸው ወንድም ማለት የባሌ ወንድም መሆኑ ነው። ባሌ ወንድም አልነበረውም።

«ሙሉ ቀብድ?» አለ ናስር።

«ሙሉ። ግን ዋጋህ አይሆንም። ይህ መኪና ደግሞ ወንበሩ ጠባብ ነው፣ የሐረርጌ ሰው እህል የጠገበ ነው፣ የት ይቀመጣል? ቀንስ።»

አባቴ መኪናውን መስደብ ጀመሩ። በሬ ሊገዙ ሲሉ በሬውን እንደሚሰድቡት። ቀንዱ አጭር፣ ሻኛው ዝቅ ያለ፣ ጥርሱ ያለቀ። ጎማው ቀጭን፣ በሩ ቀላል፣ ቀለሙ ቆሻሻ ያሳያል። ናስርም ነጋዴ ነውና መልስ መስጠት ጀመረ። ይቀንሳል፣ አባቴ አይበቃም ይላሉ። በዚህ መሐል እግሩ መልሶ ሲጫን፣ መኪናው ወደ አስፋልቱ ሲመለስ አየሁ። ስልኩን አንሥቶ በኦሮምኛ «ተዉት፣ ሂዱ» አለ። ኮረኮንቹ ከኋላችን ሲቀር ጥርሴ እርስ በርሱ ይጋጭ ስለነበር የጅልባቤን ጫፍ ነከስኩት።

አባቴ ጭሮ መዳረሻ ድረስ አላቆሙም። ድምፃቸው አንድ ጊዜ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። የወንበሩን ጠርዝ የጨበጠው እጃቸው ግን ነጭ ሆኖ ነበር፤ እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት።

ኬላው ጋ ደረስን። እንደምታውቁት ኬላ ማለት መንገዱ ላይ የተዘረጋ ገመድ ነው። ናስር መስኮቱን አወረደና ፖሊሱን ሞቅ አድርጎ «አካም ጅርቱ» አለው። ፖሊሱም ሰላምታውን መልሶ ገመዱን ለማውረድ እጁን ዘረጋ።

አባቴ በሩን ከፈቱ። ያ አልታዘዝ የሚላቸው ጉልበት እንዴት እንደታዘዛቸው አላውቅም፣ ወርደው መኪናው ፊት ሄዱና የኬላውን ገመድ በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ይህን ገመድ አታውርድ ልጄ» አሉት። «ይህን ማንም እንዳይፈታው።»

ፖሊሱ ግራ ገብቶት ቆመ። «ሽማግሌው ታመው ነው፣ ሐኪም ቤት እየወሰድኳቸው ነው» አለ ናስር እየወረደ። ጥበቃው ክንዴን ጨመቀኝ። «ንቅንቅ እንዳትዪ።»

ያ ሁሉ ምላሴ ያኔ መጣልኝ። ጮኽኩ። በአማርኛ ጮኽኩ፣ በኦሮምኛ ጮኽኩ፣ በስልጥኛም ጮኽኩ። ኬላው ላይ የቆሙት ሹፌሮች ዞሩ። ክንዴን ሲለቀኝ ወርጄ ፌስታሉን ፖሊሱ እግር ሥር ገለበጥኩት። ክሩም፣ ልጡም፣ ዶቃውም አስፋልቱ ላይ ተበተነ።

«ይህ ሁሉ የአንድ መኪና ባለቤት ነው!» አልኩ። «ጠይቀው!»

ጥበቃው በማሽላው እርከን በኩል ሮጦ አመለጠ። ናስር አልሮጠም። «አለመግባባት ነው» እያለ ፈገግ ይል ነበር። የመኪናውን ወረቀት አምጣ ሲሉት ግን አልነበረውም። መኪናው ለሽያጭ ግቢ ውስጥ የተቀመጠ የሌላ ሰው ንብረት ነው፤ ባለቤቱ ይህ ሁሉ ሲሆን አያውቅም። ናስር ታሠረ። ነገሩ ዛሬም ፍርድ ቤት በቀጠሮ ላይ ነው። የሰጠነው የቀብድ ግማሽ አልተመለሰልንም፤ ይመለሳል ብዬም ሱቄን ዘግቼ አልጠብቅም።

ፖሊሶቹ ናስርን ሲወስዱት አባቴ ኬላው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። መንቀጥቀጡ ያኔ ጀመራቸው። ውሃ አምጥቼ አፋቸው ላይ ያዝኩላቸው። የበሬዎቻቸው ገንዘብ ነው የሚያቃጥላቸው ብዬ «ግማሹ ወገቤ ላይ ነው አባ፣ ተርፏል» አልኳቸው።

«ሰው ገመዴን ፈታው ራህመት» አሉኝ። 

ከዚያ ወዲህ ሰው ሱቄ መጥቶ መኪና ላዝዝ ነው ሲለኝ ሳሙናውን ሳልሰጥ አስቀምጠዋለሁ። ቀብዱን ለማን ነው የምትከፍለው? እላለሁ። ለሰውየው ነው ወይስ በድርጅቱ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ? ሲስተም የለም ካሉህ ሲስተሙ እስኪመጣ ጠብቅ፤ መኪናው አይሮጥም፣ ሌባ ነው የሚያስቸኩልህ። ፈቃዱን ንግድ ቢሮ ሄደህ አጣራ። ውል ይኑርህ። በውሉ ላይ የመኪናው የሻንሲ ቁጥር፣ ቁጥሩ ገና ካልታወቀም ዓይነቱና ዋጋው፣ የምትረከብበት ቀን፣ ከዘገየ ወይም ዋጋ ከጨመረ ቀብድህ እንዴት እንደሚመለስ ይጻፍ። ውሉን የሚያውቅ ሰው ያንብብልህ። ወረቀት መጠየቅ ነውር ነው የሚልህ ሰው ካለ ደግሞ፣ ነውሩን ለእኔ ተውልኝ፣ ራህመት ናት ያለችኝ በለው።

እኛም ወገቤ ላይ በተረፈው ገንዘብ እንደገና አዘዝን፣ በዚህ መንገድ። አባቴ ውሉን ስፈርም ጎኔ ተቀምጠው ነበር። ኪሳቸው ውስጥ አዲስ የገመዱት ገመድ እንዳለ አውቃለሁ፤ አላወጡትም። መኪናው መጥቶ የሻንሲ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ስጨርስ ገመዱን አውጥተው መሪው ላይ አሰሩት፣ ጫፉን ወደ ውስጥ መልሰው። ሹፌሩ ያስቸግረኛል ብሎ ቢያጉረመርምም የሚፈታው የለም።

ፌስታሉን ፖሊስ መዝግቦ ከመለሰልን በኋላ በፎቶና በአካል ይዘን ዞርን። የጫት ልጡን ሂርና ላይ አንዲት ነጋዴ ገና ስታየው «የእጄ ሥራ ነው» አለች። የቡና ክሩን ይዘን መቻራ ድረስ ሄድን። ባለቤቱ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። መርፌያቸውን ለረጅም ጊዜ እያገላበጡ አዩትና «እሺ፣ መኪናውስ መቼ ይመጣል?» ብለው ጠየቁኝ። ከልጃቸው ጋር ሆነን ስናስረዳቸው መሸ።

ያቺ ቢጫና ቀይ ዶቃ ግን ባለቤት አላገኘችም። ሕፃን ልጁን ወይም ልጇን አቅፎ ሚኤሶ የወረደ አንድ ሰው አለ። ገመድ የለው፣ ልጥ የለው፣ ከልጁ እጅ ላይ ፈትቶ መሪው ላይ ያሰረ። ምናልባት ዛሬም መኪናዬ ታስሮልኛል ብሎ እየጠበቀ ይሆናል፣ ወይም ቀሪውን ቀብድ እያጠራቀመ። ሱቄ ግድግዳ ላይ፣ ሚስማር ላይ ሰቅያታለሁ። ጭሮ ገበያው አጠገብ ነኝ። የምታውቋት ከሆነ ኑ ውሰዷት፤ እባካችሁ ከዚያ በፊት ግን ምንም ገንዘብ አትስጡ።